ስልሳ አራት ገጽ

ፖስታ ቤቱ ጥግ ላይ ሸራዬን ዘርግቼ፣
አሮጌ መጻሕፍት እንደ እህል አስጥቼ፣
ነፋስ ገጽ ሲገልጥ በድንጋይ ተጭኜ፣
ሃያ ሁለት ዓመት የቃል ዘበኛ ሆኜ።

የማካሮኒ ካርቶን አለኝ ከጀርባዬ፣
እሱን ሰው አይነካም፤ የግል ነው ዕቃዬ።
አንድ ጊዜ ጽፈው ዝም ያሉ ሰዎች፣
የአንድ ፈረስ ወሬ ያወጉ አፎች፣
እዚያ ተኝተዋል።

አንዱ የእንስሳት ሐኪም፣ ከአሰላ የመጣ፣
ስለ ቦራ ፈረስ አንድ መጽሐፍ አወጣ፤
ከዚያ ወዲህ እጁ የጻፈው ነገር ቢኖር
የክትባት ካርድ ነው፣ የላም የበሬ ቁጥር።
አንዱ የወንጂ ሰው፣ የሸንኮራ መዛኝ
(መጽሐፉን ሳነበው እስከ ዛሬ የሚያስቀኝ)፣
ስለ ሰነፍ ፈረስ ጽፎ አንድ ክረምት፣
ሌላ ሳይደግመን ገባ ንግድ ቤት።

ከሁሉም ከላይ ግን፣ ሽፋኗ የላላ፣
ጠርዟን ምስጥ ቀምሶ የተዋት ሳይበላ፣
«ሸንኮሬ» አለች።
ስልሳ አራት ገጽ።
ደራሲ፦ ዘርፌ ዋቅጅራ።
ሽፋኑን ወንድሟ በእርሳስ ሣለና፣
ጆሮውን አስረዝሞ አህያ አረገና፣
ልጆች ሆነን ስናይ ተጣልተንበታል፤
«ፈረስ ነው!» «በቅሎ ነው!» ደብተር ተቀዶበታል።

ያኔ፣ ከተማችን ናዝሬት ስትባል፣
ዘርፌ ባቡር ጣቢያ ትኬት ትቆርጥ ነበር።
በመስኮቷ ቀዳዳ እጅ ብቻ እያየች፣
ሳንቲም እየመለሰች፣
በሁለት ባቡር መሐል ባለው ዝምታ
ከትኬት ጉርድ ጀርባ ስትጽፍ በእርጋታ፣
ከመስኮቱ ማዶ፣ ከጋሪዎች ተራ፣
አንድ ዳማ ውርንጭላ ከእናቱ ጋራ
ሳይጠመድ ሲሮጥ፣ ያለ ደሞዝ ሲሠራ።
የወንጂ መኪና አገዳ ጥሎ ሲያልፍ፣
ካስፋልቱ ለመልቀም እሱን ማን ሊያሸንፍ!
ስሙም ከዚያ ወጣ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ውርንጭላው ያድጋል፣
ጋሪ ይጠመዳል፣ ጅራፍ ይለምዳል።
አንድ ሌሊት ጎርፉ መንገድ ሙሉ ሲወርድ፣
ባለጋሪው ሰክሮ፣ ፋኖስ አልነድ ሲል፣
ምጥ የያዛትን ሴት ጋሪው ላይ እንደጫነ
ሐኪም ቤት ያደርሳል፣ መንገዱን እያመነ።
መጨረሻው ገጽ ላይ፣ አርጅቶ፣ ተፈትቶ፣
አገዳ ያኝካል ጥላ ሥር ተኝቶ።
«ዛሬም እዚያው አለ» ብላ ነው የዘጋችው።

እኔም በአስር ዓመቴ፣ ያን ጥላ ፍለጋ፣
ግራር ለግራር ዞርኩ፣ ክረምት ከበጋ።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ነፋሱ ሲበረታ፣
አንዲት ሴት መጡብኝ ጥላ ተዘርግታ።
«'ሸንኮሬ' የምትባል መጽሐፍ ትኖርሃለች?»
«አለች እማማ፣ ግን አትሸጥም» አልኩኝ።
«እኔ ነኝ የጻፍኳት» አሉኝ ቀስ ብለው፣
የቆየ ዕዳ እንዳለበት ሰው።

አፌ ቀደመኝና፣ «ለምን አልደገሙም?»
ባጃጆች አለፉ። መልስ ቶሎ አልመጣም።

«ጀምሬ ነበረ» አሉ፣ «አንድ ዓረፍተ ነገር፦
ሸንኮሬ የወደቀው ካሰላ መንገድ ላይ፣
ሲሚንቶ እንደጫነ፣ በቀትር ፀሐይ።
ይሄን ጻፍኩና ቀደድኩት።
እውነቱ ያ ነበር። ከመስኮቴ አይቼዋለሁ፣
ለተሳፋሪው ግን መልስ እየሰጠሁ።
በፊተኛው መጽሐፍ ጥላ ሥር አስተኝቼው፣
ልጁ ሁሉ አምኖኝ፣
በየትኛው እጄ ተመልሼ ልግደለው?
ሌላ ፈረስ ደግሞ...
እንጃ። ያየሁት አንዱን ነው።»

ካርቶኑን ከፍቼ መጽሐፏን ሰጠኋቸው።
መነጽር ፈለጉ፣ ከቦርሳ አጡት፤
አርቀው ይዘው መጨረሻዋን ገለጡት።
ኅዳጉ ላይ አለ፣ በእርሳስ የተሣለ፣
አንድ ጠማማ ዛፍ፣ በልጅ እጅ የዋለ።
ማን እንደሣለው እኔ አልተናገርኩም።

ጠጋ ብለው አዩት። «ግራር ነው እንዴ?» አሉ።
«እኔስ ዋርካ ነበር ያሰብኩት።»

ለካስ ሠላሳ ዓመት
ግራር ግራሩን ነው ስፈልግ የኖርኩት።