ጨው ያልቀመሰ

ቺሎዌ ደሴት ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
መጣ ብሎ የሚሮጥ፣ ቆመ የሚል የለም።
ከኮረብታው ግርጌ፣ ከማዕበሉ ፊት፣
በሳንቃ የቆመች ቤተ መጻሕፍት፤
በስንጥቋ ነፋስ ይገባል ሳይጠራ፣
ገጽ እየገለጠ ያነባል በተራ።

ሐምሌ ሲመጣማ ምድጃው ይራባል፤
እርጥብ እንጨት ቢያጎርሱት ጭሱ ዓይን ያስነባል።
ጥንታዊው ጫካችን በየክረምቱ ሳሳ፤
ለአንድ ክፍል ሙቀት ስንት ዛፍ ተነሣ!
ዳይሬክተሩ አንድ ቀን፣ በጉንፋን ድምፃቸው፣
«እንደ አምናው የሻገቱት ይንደዱ፤ ማን ሊያያቸው!»
አሉና ወጡ። መልስም አልሰጠቻቸው።
መምህርት ኤዱቪና፣ ቡትሷን አጥልቃ፣
ወረደች ወደ ባሕር ጃንጥላውን ንቃ።

ባሕሩ ዳር ያለው የዛጎል እርሻው ጣጣ፣
ገመድ የበጠሰ፣ ማዕበል የቀጣ፣
ነጭ የፎም ተንሳፋፊ፣ ክምር በክምር፣
ወፍ እንቁላል መስሎት ታቅፎት የሚያድር።

በማግሥቱ በሩ ላይ በጠመኔ ተጻፈ፦
«ለአንድ ተንሳፋፊ አንድ መጽሐፍ፣ ለሳምንት።
ያረጀ፣ የቆሰለ፣ ባሕር የተፋው ይሁን።
ገንዘብ አንቀበልም። ሰበብም አንቀበልም።»

ያመጣነውን አጥባ፣ በመጋዝ እየሰነጠቀች፣
ከምድጃው በራቀው ግድግዳ፣ በሳንቃው መሐል ጠቀጠቀች።
ነፋሱ ቀስ በቀስ የንባብ ተራውን ተነጠቀ፤
ክፍሉም በግማሽ እንጨት ሞቀ።

እኔን ግን ያስሮጠኝ፣ እውነቱን ልናገር፣
ወፉም፣ ጫካውም አልነበር።
ዕውር ካፒቴን ያለበት አንድ ታሪክ ነበር፤
ቅጽ አንዱ የሚያልቀው መልሕቁ ሲበጠስ፣
ከጨለማው ውስጥ ሰው ስሙን ሲጠራው በለሆሳስ።
ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ማን ነው የጠራው?
ቅጽ ሁለት ከመደርደሪያው ቁልቁል እያየኝ፣
ባሕሩ ዳር ግን ባዶ፤ የናዌልኪን መንትዮች ጠርገው ቀድመውኝ።

ማታ፣ የአባቴ ጀልባ ላይ ወጣሁ በዳበሳ፤
ነገ ባሕር ሊወርድ ከታሰረው አዲስ መሐል
አንዱን ቆርጬ ወሰድኩ፣ ለገመዱም ሳልሳሳ።

መምህርት ኤዱቪና ተቀብላ አገላበጠችው፤
አሸተተችው። በምላሷ ጫፍ ቀመሰችው።
«ይሄ» አለች፣ «ባሕር አያውቅም። ጨው አልቀመሰም።»
ፊቴ ቀላ። የጠበቅኩት ቁጣ ግን አልደረሰም፤
ቅጽ ሁለትን አውርዳ በብብቴ አስታቀፈች፣
ተንሳፋፊውንም በሌላው፤
«ሁለቱንም ለባለቤቱ» ብላ በሩን ከፈተች።

አባቴ የተቆረጠውን ገመድ አየ፣ እኔን አየ፤
እጁን አነሣ፣ አወረደ፣ ሲጋራ ለኮሰ፣ ቆየ።
«ለመጽሐፍ?»
«ለመጽሐፍ።»
«ለዓሣ እንኳ ቢሆን!»
ከዚያ፣ ቡትሱን ሲያወልቅ፣ ፊቱን ወደኔ ሳያዞር፣
«ምን ቢሆን ነው ታዲያ፣ እንዲህ የሚያሰርቅ ነገር?»

ነገርኩት። ስለ መልሕቁ፣ ስለ ጥሪው።
አራተኛ ክፍል ነው ያቆመው፤ ፊደል ዓይኑን ያደክመዋል፤
እኔ አነበብኩለት። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ
ድምፄን ከፍ አደረግሁ።
ምዕራፉ ሲያልቅ «ቀጥል» አለ። ሌላውም ሲያልቅ «ቀጥል።»
ሲጋራው ጣቱ መሐል ሳይጨስ አመድ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የተሰነጠቀ ተንሳፋፊ ሲያገኝ
እንደ ድሮው ቆርጦ ለማዕበል አይሰጥም፤
ከጀልባው አፍንጫ ያስራል።
አንድ ቅዳሜ ራሱ ተሸክሞ መጣ፤
ከደጃፉ ቆመ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣
ከቡትሱ ውኃ እየወረደ።
«ቅጽ ሦስት ይኖራል?»
መምህርት ኤዱቪና ተንሳፋፊውን በምላሷ ነካች።
«ይሄስ ባሕር ያውቃል» አለችና ዝም አለች።

ቅጽ ሦስት የለም። አምና፣ ግድግዳው ሳይሞላ፣
ምድጃው ነው የበላው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ
ሙቀት ሆኖ አልፏል።

እስከ ዛሬ ከአባቴ ጋር፣ መረብ ስንጠግን፣
ማን ሰጠመ፣ ማን ዳነ፣ እንሟገታለን።
እሱ ካፒቴኑን ያድነዋል። እኔ እንጃ።
ነፋስ በጠና ሌሊት ግድግዳው ላይ ጆሮ ብትጥል
ፎሙ ሲጥ ሲጥ ይላል፤
አሁንም በገመድ የታሰረ፣ አሁንም ማዕበል ላይ ያለ ይመስላል።