ጣውንቴ፣ ባለ አሥራ ሁለት ቮልት

ጥቅምት ሲጋመስ ነው እቤቴ የገባች፣
በሱፍ ፎጣዬ ተጠቅልላ መጣች።
ፒታራቅ ደረቱ ላይ አቅፏት እንደ ሕፃን
በሩን በክርኑ ሲገፋው አስደነገጠን።
«ዞር በዪ ኢቫሉ፣ የምድጃውን ጥግ ልቀቂላት፣
ደጁ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ነው፣ ምን ይዋጣት!»

ጣውንቴ ይህች ናት እንግዲህ፦ ጥቁር፣ ባለ አራት ማዕዘን፣ ከባድ፣
ሁለት የእርሳስ ጆሮ፣ ሆዷ ሙሉ አሲድ።
ቀን ከሱ ጋር ባሕር ላይ፣ በበረዶ ተራራ መሃል ትውላለች፣
ማታ የእኔን ቦታ ይዛ እሳት ትሞቃለች።

ለምን? አልኩት። ዓሣውን እየበለተ፣ ቀና ሳይል፦
«ብርድ ሲገባት ደሟ ይወፍራል፣ ጉልበቷ ይከዳታል፤
በሙቀቱ ወራት መቶ የሰጠች፣ ዛሬ ሃምሳው ይጨንቃታል።
ሞተሩ ደግሞ ክፉ ነው፤ ዘይቱ እንደ አቆስጣ ጮማ ሲረጋበት
እጥፉን አምጪ ይላታል፣ ግማሹ ብቻ በቀረላት ለት።»
ዝም አልኩ። እሱ ራሱ ስልሳ ሦስት ነው ዓመቱ፣
ጠዋት ቦቲውን ሲያጠልቅ ይሰማኛል ሲንቋቋ ጉልበቱ።

ፀሐይ ከኢሉሊሳት ከጠፋች ወር ሊሞላት ሲል
ተጣላን፤ ስለ ስኳር ነበር መሰለኝ።
ያን ዕለት ገመድ ስትስብ ውላ መጉደሏን ማን ነገረኝ?
«ከሷ ጋር ተኛ!» ብዬ በረንዳው ላይ አወጣኋት፤
በሩን ቆለፍኩ፤ ሞቀኝ።

ሲነጋ (ነጋ ከተባለ) ጎኗ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል፣
ውስጧ የረጋው በስንጥቁ ብቅ ብሏል።
«ሙሉ ሆና ብታድር አትረጋም ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ፣
«ባዶዋ ናት የምትፈነዳ።» ተቀመጠ፣ ጓንቱን ጥሎ።
የእነ ኡሳርቃክ ጀልባ ተነሳ፤ የሌሎቹም፤ ድምፁ ሲርቅ፣ ሲርቅ፣
ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር፣ እጁ ጭኑ ላይ ሲደርቅ።

አዲሷ በዱቤ መጣች፣ እስከ ሰኔ ነው የምንከፍል፤
አሁን ቻርጀሯን እኔ እሰካለሁ፣ እኔ ነኝ የምጠቀልል።
ትናንት ሌሊት ብርዱ ቢጠና ተነስቼ አየኋት፦
መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ሞልታለች።
የእሱን እግር ነካሁ። በረዶ።
«አንቺስ ሞልተሻል» አልኳት፤ ፎጣዬን ከላይዋ አነሳሁ፣
እግሩን ጠቀለልኩበት። አልነቃም።
ተመልሼ ተኛሁ።