የቀሪው መስቀያ

ብርኖ ላይ ሌሊት ነው፤ የመጨረሻው ትራም ሄዷል፣
አራተኛው ፎቅ ላይ አንድ መስኮት ብቻ በርቷል።
ሊቦር እንደተጎለተ ሻዩ በርዷል፣
ኮምፓይለሩ ዛሬም ወድቋል።

መቶን ለሰባት አካፍል ነው ያለው፣ ሌላ ምንም፤
ማሽኑ ግን «ለዜሮ አላካፍልም!»
ይላል ደጋግሞ፣ አይታክተውም።
ሰባቱን ማን ዜሮ አደረገው?
ማን ገፍቶ አስወጣው?

ጠባብ ነው የፕሮሰሰር ሆድ፣ ለእንግዳው ብዛት አይሰፋ፤
አሥራ ስድስት ሬጂስተር፣ እልፍ ቁጥር የሚጋፋ።
አንዱ የቁልሉን ጫፍ ይዟል፣ እሱን የነካ ይጠፋ!
ደግሞ ሁለቱ፣ የማካፈል ትእዛዝ የመጣ ለታ፣
ባለርስት ናቸው፤ አይሰሙም ልመና፣ አይሰሙም ስሞታ፤
ተካፋዩ በአንዱ፣ ቀሪው በሌላው ቦታ፣
ሲሊከን ላይ የተጻፈ ሕግ፣ የማይሻር በይቅርታ።

እናቱ ድራሆሚራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
ቲያትር ቤት ካፖርት ተቀብላለች፤ «ወይዘሮ ቁጥር» ነበር የሚሏት ሁሉ።
መስቀያው ጥቂት፣ በረዶ ያዘለው ሰው ብዙ፤
ካፖርት፣ ጃንጥላ፣ ባርኔጣ፣ አንዳንዴም ቼሎ ከነመዘዙ።
እሷ ግን ፊት አይታ ብቻ ታውቅ ነበር፣
ማን መጋረጃው እስኪወርድ እንደሚኖር፣
ማን በዕረፍቱ ሰዓት ሹልክ ብሎ እንደሚበር።
ቶሎ የሚሄደውን እዚያው እፊቷ ትሰቅላለች፣
የሚቆየውን ምድር ቤት ታወርዳለች፤
ደረጃው ሃያ ሁለት ነው፣ ጉልበቷን ትሰስታለች።
አንዱ ሲወጣ በዚያው ሚስማር ሌላው ይገባል፤
ባንድ ሰዓት አይገናኙ እንጂ፣ አንድ ሚስማር ለስንቱ ይበቃል።

በሩ አጠገብ ያሉትን ሁለቱን ግን አትነካም፤
የኦርኬስትራው መሪ ናቸው፣ ቢመጣም ባይመጣም።
አንድ ምሽት ጨነቃትና የአንዲት የጥርስ ሐኪም ካፖርት ሰቀለች፤
መሪው መጣ። የሴትዮዋን መሬት ጣለ፣
የራሱን ሰቀለ፣
ይቅርታም አላለ።

ሊቦር ይህ ትዝ ሲለው ከወንበሩ ብድግ አለ።
ሰባቱ የተሰቀለው የቀሪው ሚስማር ላይ ነው!
ማካፈል ሊገባ ሲል ቦታውን ጠረገው፣
ለራሱ ዜሮ አነጠፈ፤ አካፋዩን ማን አየው?

ሌላም ትዝ አለው። ጥግ ላይ አንድ ባዶ መስቀያ፣
አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ሰው ካፖርቱን ታቅፎ ሲጋፋ እንኳ፣ ባዶ።
ልጅ ሳለ ለማንም ያልነገረው ነገር ነበረ፤
አባቱ ዝዴኒየክ ለሥራ ብሎ ሊንዝ ሄዶ ቀረ፣
ያ ሚስማር የቀሪው ነው ብሎ፣ ይህን አምኖ አደረ፤
ስንት ክረምት በር በሩን እያየ ኖረ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ደወለላት። አልተኛችም።
«ባዶው? እሱማ የማንም አይደለም፣ ልጄ።
ሁለት ካፖርት ቦታ ሲለዋወጥ አንዱን የት ላኑረው፣ በእጄ?
በእጄ ካርድ ይዣለሁ! ለመቀያየሪያ ነው እንጂ…
ይልቅ አንተ አትተኛም?» ዘጋችው።

ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ጻፈ፦
አካፋይ በእነዚህ በሁለቱ ላይ አይሰቀል፤
አንድ ሬጂስተር ምንጊዜም ባዶ ይዋል።
ከጎኑም ማስታወሻ፦ የማንም አይደለም፣ ለመቀያየሪያ ነው።
«የማንም» የሚለውን አጠፋው። መልሶ ጻፈው።

አስነሳው። አልወደቀም።
መቶ ለሰባት፣ አሥራ አራት።
ቀሪ፣ ሁለት።