የድንች ዋጋ

የካቲት ሜልበርን ላይ የፀሐይ ወር ነው፤
አስፋልቱ ይቀልጣል፣ ሶላችንን ያዘው።
ሌፍቴሪስ ሾልኮ መጣ ካባቱ ዓሣ ቤት፣
በጁ የብስክሌት መብራት፣ በኪሱ ጠመኔ፣
ባፉ ድንች ጥብስ፣ ትኩስ እንደ እሳት።
«ጃኔል፣ ነይ ላሳይሽ፤ ከከተማው በታች ሌላ ከተማ አለ»
አለኝ፣ እያንሾካሾከ፣ አፉን በመዳፉ ከለለ።
ከኳስ ሜዳው ጀርባ፣ ከድልድዩ እግር ሥር፣
የጎርፉ ቦይ ያዛጋል፤ ምላሱ አረንጓዴ፣ ጥርሱ የዛገ ሽቦ አጥር።
አሥራ ሦስት ዓመታችን። ማን ሊመልሰን? ማን ሊመክር?

መጀመሪያ ጎንበስ ብለን፣ ቀጥሎ በዳዴ፣
ኋላ ጣሪያው ሽቅብ ሸሸ፣ ቀና አልኩኝ እንደ ልማዴ።
ቅዝቃዜው! የውጪው ሐሩር እንደ ኮት ከትከሻችን ወለቀ፤
ጠብታ ሩቅ ወደቀ፣ ቅርብ ተሰማ፣ መልሶ ራቀ።
«ሆ!» ብል ቱቦው «ሆ» አለ፣ «ሆ» አለ፣ «ሆ» አለ፣
እንደ ሦስተኛ ጓደኛ
አንዴ ከፊት ቀደመን፣ አንዴ ከኋላ ተንጠለጠለ።
«ኔቪል፣ ስልሳ ስምንት» ይላል ግድግዳው ላይ፣ በቀለም፤
ማን እንደሆነ፣ ይኑር ይሙት፣ የሚያውቅ የለም።
ሌፍቴሪስ በጠመኔ ቀስት ሣለ ከየመገንጠያው፤
«መመለሻችን ነው» አለ። ውሃ፣ ጽሑፍ ማጥፋት ሙያው
እንደሆነ ሁለታችንም ረሳነው።

ከላይ የጉድጓድ ክዳን፣ ደንግ፣ ደንግ፣ መኪና ሲረግጠው፣
እሱ ጆሮውን ሰጥቶ መንገዱን በድምፁ ለየው፦
«ይሄ ትራም ነው፣ ዋናው ጎዳና። ይሄ የሉሲል ዳቦ ቤት፣
የሚያጉረመርመው ሊጥ ማቡኪያዋ ነው። ይሄ…»
አለና ቆመ ድንገት።

ፍርግርግ ነበር ከላያችን፤ ብርሃን እንደ መረብ ወረደ፣
የዓሣ ጥብስ ጠረን በቀዳዳው እየነጎደ።
የአባቱ ድምፅ ነው። ከደጃፉ፣ ከሳጥን ላይ ተቀምጦ፣
ለአንድ ሽማግሌ ያወራል፣ በግሪክኛ፣ ቃሉን ከሆዱ አምጦ።
እኔ ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዲት ቃል ብቻ ገባችኝ፤
«ሌፍቴሪ» የምትል፣ ስሙን አቆላምጦ፤ ጆሮዬን ያዘችኝ።
ያ ሰውዬ ከባንኮኒው ኋላ ልጁን ሲጠራ የማውቀው
እንደ ቁጣ፣ እንደ ደወል ነበር፤
እንዲህ ሲለሰልስ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።
መብራቱ በጓደኛዬ እጅ ላይ ተንቀጠቀጠ፣
ክቡ ብርሃን በግድግዳው እንደ ጥንቸል ፈረጠጠ።
«ምን ይላል?» አልኩት። ዝም። «ምን ይላል?»
ጉሮሮውን ጠረገ። «ምንም። የድንች ዋጋ ጨምሯል ይላል።»

ዝናቡን አላየንም፤ ሰማይ ያለው ከላይ ነው፤
እርጥብ ነፋስ ከጥልቁ መጥቶ ፊታችንን ዳሰሰው።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ቁርጭምጭሚቴን ሲኮረኩረኝ
መጀመሪያ ሣቅሁ፤ ጉልበቴን ሲነካ ግን ሣቁ ተወኝ።
ኳስ አለፈችን፣ የአይስክሬም እንጨት፣ የሰው ነጠላ ጫማ፣
ቱቦው እንደ ባቡር ሲያጓራ ከበስተኋላ ተሰማ።
ቀስቶቹን ፈለግን፤ የሉም። ግራ? ቀኝ? ልቤ ቀለጠ፤
ሌፍቴሪስ እጄን ያዘና ጆሮውን ወደ ላይ ሰጠ፦
ሊጥ ማቡኪያው። ትራሙ። ደንግ፣ ደንግ። «በዚህ ነው!»
የላዩን ከተማ ሰምቶ የታቹን መንገድ ያወቀው።
ቦዩ ከድልድዩ ሥር እንደ ፍሬ ተፋን፤ በጉልበታችን ዳህን፤
ሐሩሩ ጠፍቶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ በሣቅና በሳል ታፈንን።

ሠላሳ ስድስት ዓመት። ባለፈው ሰኔ አባቱን ቀበርናቸው።
ዓሣ ቤቱ ዛሬ ስልክ መጠገኛ ነው፤ ፍርግርጉ ግን እዚያው።
ከቀብር መልስ ከአጠገቡ ቆምን፣ እሱ ከነጥቁር ኮቱ፤
ልጠይቅ አልጠይቅ ብዬ፣ ተሸነፍኩ ለጥያቄው ጉልበቱ፦
«ያን ቀን… ምን ነበር ያሉት?» ፀጉሩ ከግማሽ በላይ ሸብቷል።
ቁልቁል አየ። «ነግሬሽ የለ» አለ፤ «የድንች ዋጋ ጨምሯል።»
ሣቅን። እሱ ግን ቶሎ አላቆመም።
ካፊያ ጀመረ፤ ዣንጥላ ይዤ ነበር፤ አልዘረጋሁም።
ከእግራችን ሥር ውሃው መንገድ ጀምሯል፣ በጨለማ፤
ጎንበስ አልን ሁለታችን፣ ቃል ይኖረው እንደሁ ልንሰማ።