የዋስ ፊርማ

ሰንጋ ተራ፣ ጠዋት፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ከመስኮቴ ማዶ ባንክ በባንክ ቆሞ፣ ጭላጭ ያህል ሰማይ።
ጠረጴዛዬ ላይ ዘጠኝ ሰማያዊ ፋይል፣
ዘጠኝ የቦርድ እጩ፤ እኔ ነኝ መርምሬ «ይሁን» ወይ «ይቅር» የምል።
የመረጧቸው ቅዳሜ፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ እጅ በማውጣት፤
ባለአክሲዮን አጨብጭቧል፤ ጭብጨባ ግን፣ ወንድሜ፣ አይሆንም ብቃት።
ሰው «ሥራሽ?» ሲለኝ ግን አላብራራም ብዙ፣
«ቢሮ ነኝ» እላለሁ፤ ይረዝማል መዘዙ።

ቅጹ ይጠይቃል፤
«ዕድሜ? የትምህርት ደረጃ? የትና የት ሠርተዋል?
በሌላ ባንክ ቦርድ ወንበር አለዎት ወይ? ስንት አክሲዮን ገዝተዋል?
ብድር ወስደው ነበር? ቀርተዋል ሳይከፍሉ?
በእምነት ማጉደል ተከሰው ችሎት የቆሙ እንደሁ፣ ይግለጹ በሙሉ።»

ቅጹ የማይጠይቀው፤
ሊቀመንበሩ ስቀው «ሁላችን ተስማማን?» ሲሉ በስብሰባ፣
«ቆይ እስቲ» የሚል ማነው፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ፣ አበሉ ሳይገባ?

ሦስተኛው ዶክተር ናቸው። ወረቀታቸው ሙሉ፣ ማህተሙ የደመቀ፤
የሒሳብ ሚዛን ሲያዩ ግን ዓይናቸው፣ አውቃለሁ፣ ገጽ ሁለት ላይ አለቀ።
አምስተኛዋ ወይዘሮ ዘምዘም፤ ብረት ነጋዴ፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቆሙ፣
አንድ ብር ከመዝገብ ብትጎድል ሌሊቱን የሚታመሙ።
መመሪያው ዲግሪ ይላል።
ፋይላቸውን መለስኩ። መመሪያ መመሪያ ነው። ሆዴን ግን ይበላኛል።

ከታች፣ ከሕንፃው ጥላ፣ ሊስትሮው ዳና አለ፤
የቁጠባ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ከቀለሙ ሥር ያዋለ።
አራት ሺህ ሁለት መቶ ብር። አሳይቶኛል አንዴ።
ቦርድ ማለት ለሱ ጥቁር ሰሌዳ ነው፤ ምን አገባው እንዴ?
ግን ያ ሁሉ መስታወት፣ ያ ሊፍት፣ ያ ምንጣፍ፣
የተገዛው በሱ ብር ነው፤ ከብሩሽ ሥር በወጣች ሽርፍራፊ ትርፍ።

ሰባተኛው ፋይል። ስሙን ሳላነበው ፊርማው ቀድሞ አየኝ፤
«ጓ» እንደ መንጠቆ ጅራቷን አጥፋ፣ ከመስመሩ ወርዳ፤ አወቅኳት፣ አወቀችኝ።
አቶ ጓንጉል ይርዳው።

ይህቺው ፊርማ፣ ምድር ቤት፣ በእኔ የሠራተኛ ፋይል ውስጥ ተኝታለች፤
ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ለዳቦዬ ቆማለች።
«ዋስ አምጪ» ተባልኩ፤ ገንዘብ ያዥ ልሆን። አባቴ ሞቷል።
አሥራ አንድ በር አንኳኳሁ፤ ዘመድ ሁሉ «ዋስነትስ ይቅርብን፣ ሌላ ነገር እዘዢን» ብሏል።
እሳቸው ግን ቸርችል ጎዳና ዳር፣ በመኪናቸው ኮፈን ላይ፣
ፈረሙልኝ ቆመው፤ ሳይጠጡልኝ ሻይ።

ፋይላቸው ያምራል። «ከባንኩ ጋር የጥቅም ግንኙነት?» ለሚለው፣
«የለኝም» ብለዋል፤ እጅ ጽሕፈታቸው የተማሪ ነው።
ከሥር ግን አንድ ወረቀት፤ የእህታቸው ልጅ ብድር፣
ከዚያው ባንክ የወጣ፣ አሥራ ስምንት ሚሊዮን ብር፤
ሁለት ዓመት አልተከፈለም።
የመያዣው ቤት ካርታ በማን ስም እንደሆነ፣ መናገር አያስፈልግም።

በሻይ ሰዓት ስልኬ ጠራ። «ደህና ነሽ ልጄ? ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው እንዲያው።»
ሌላ አላሉም። ዘጉት። ሌላ ቢሉ ኖሮ ምንኛ በቀለለው።
እሳቸውን ልመዝን ተቀምጫለሁ፤
ሚዛኑ የቆመው በእሳቸው ፊርማ ላይ መሆኑን ለማን እነግራለሁ?

«ፋይል ሰባትን መመርመር ለእኔ አይገባም፤ ዋሴ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ።
ያቺን ወረቀት ከሥር አውጥቼ፣ ከላይ አድርጌ አያያዝኩ፤
ለሐያት ሰጠኋት። አነበበች። ቀና አለች።
«ማን ያውቅ ነበር?» አለች።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ከዳና ሳጥን እግሬን አሳረፍኩ፤
ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ይጠራል፣ ይጠራል፤ እንዳልሰማ መሰልኩ።
ዳና ቀና ብሎ ቦርሳዬን አየ፤ ምንም አልጠየቀ።
ብሩሹን ሳጥኑ ላይ ኳ አደረገ፤
ሌላኛው እግር።