የእንትን ግማሽ

ሙይናክ ላይ፣ ባሕሩ ሸሽቶ አሸዋው በቀረበት፣
የተጋደመ መርከብ ጥላ ሥር ላም በሚያመሰኳበት፣
ሰባተኛ ክፍል፣ የመስኮቱ መስታወት በተሰነጠቀበት፣
መምህርት ሳርቢናዝ ሰሌዳውን ጠርጋ ይህን ጻፈችበት፦

«አንድ ዓሣ አጥማጅ ካጠመደው ሲሶውን ለወንድሙ ሰጠ፣
አሥራ ሁለቱን ደግሞ ገበያ አውጥቶ ሸጠ፤
ስምንት ተረፈው። በጠዋቱ ስንት ዓሣ ነበር የያዘው?»
እኛ የምናውቀው ዓሣ በጣሳ ታሽጎ በመኪና የሚጓዘው።
ነፋሱ ጨው ይዞ ይገባል፤ የደብተራችን ገጽ ሻካራ፤
ቀለማችን ሳይደርቅ አሸዋውም ይጽፍበታል በተራ።

ፓራኻት እጁን አወጣ፦ «ባሕሩ የት ነው፣ መምህርት?»
«እሱ የጂኦግራፊ ነው፤ ይሄ ሌላ ነው ትምህርት።
የማታውቁትን አትፍሩት፤ እንደ እንግዳ ስም ስጡት፣
ከሚታወቁት ጋራ አንድ መደብ ላይ አስቀምጡት።
ለምሳሌ፣ እንትን በሉት።» ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤
እሷም ጠመኔዋን ጨብጣ ጠበቀች፣ ሳቁ እስኪረካ።

ከዚያ እንደ ወጌሻ፣ የተሰበረውን ሲሶ በጣቷ ዳበሰች፣
ወለም ያለውን ቁጥር ቀስ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰች፤
በቀኝ አሥራ ሁለት ስትደምር ግራውንም አስታወሰች።
የእንትን ሁለት ሲሶ፣ ሃያ። የእንትን አንድ ሲሶ፣ አሥር።
«ሠላሳ!» ብለን ስንጮኽ
አንድ ሳል ሰማን፣ ከመስኮቱ ሥር።

ዘበኛው ቶሊባይ ነው፣ መጥረጊያውን ተደግፎ፦
«በሠላሳ ዓሣማ አጥማጅ ቤቱ አይገባም ደጁን አልፎ፤
ድመት ትስቅበታለች።»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም። መጥረጊያውን አጋደመ፤
ኮፍያውን አውልቆ እንዳረፈደ ተማሪ በር ላይ ቆመ።
«ልጄ፣ እኔም ጥያቄ አለኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የታመመ።
ወንድሜ ቃልባይ በሌሊት ሄደ፤ አልቀሰቀሰኝ፤
ከአባታችን መረብ ጎን ብጣሽ ጽሕፈት ብቻ ደረሰኝ።
‹ግማሹን ወሰድኩ› ይላል የዚያ ሌሊት ወረቀት፣
‹ሆዴ ባባና አራት መለስኩ፣ ሳልሄድ ብዙ ርቀት።›
ስቆጥር ሃያ ስድስት። ትዝ የሚለኝ ግን ስልሳ ነው፤
ስምንት መረብ በላኝ! ደብዳቤው ሁሉ ሳይከፈት ሳጥን ውስጥ ነው።
ወንድሜ ነው ወይስ ትዝታዬ፣ ከሁለቱ ሌባው ማነው?»

«አይዛዳ፣ ነይ ውጪ» አለችኝ። እጄ ላብ፣ ጉልበቴ ውሃ፤
የሰው ቂም በጠመኔ ሲጻፍ ያን ቀን አየሁ፣ በዚያ በረሃ።

የእንትን ግማሽና አራት፣
ሃያ ስድስት።
ከግራ አራት፣ ከቀኝም አራት፤
የእንትን ግማሽ፣ ሃያ ሁለት።
ቶሊባይ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከእኔ ጋር ቀነሰ፤
እጥፉን ስጽፍ፣ አርባ አራት፣
ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሰ።

«ስልሳ አይደለም» አልኩ ቀስ ብዬ። መምህርቷ ግን አልረካች፤
«ካልተመሳከረ ወሬ ነው» ብላ ሰሌዳውን በጣቷ ነካች።

ቶሊባይ ወጣ። መጥረጊያው እዚያው በር ላይ ቀረ።
አባቱ መረብ ሠርቶ በጨረሰ ቁጥር መቃኑን በቢላ ይጭር ነበረ።

በማግስቱ መጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «አርባ ሦስት ነው ጭረቱ፤
በባትሪ ቆጠርኩ፣ በጣቴ ቆጠርኩ፣ እስኪነጋ ሌሊቱ።»
ልቤ ወደቀ። አንድ ጎደለ። የት ላይ ነው ስህተቴ?
«አይ አንቺ ልጅ፣ የጎደለችውማ የእኔ ናት፤ የሠራኋት በልጅነቴ።
ክሯ ወፍራም፣ ዓይኗ ሰፊ፣ ቋጠሮዋ የላላ፤
አባቴ ስቆ አልጫረላትም፤ ግን ሰቀላት፣ ከሌሎቹ ኋላ።
ይሄን ሁሉ ዓመት የሰው ስቆጥር
የራሴን ረሳሁ።»

ከጉያው እስር ደብዳቤ አወጣ፣ በመረብ ክር የታሰረ፤
«መነጽሬ ተሰብሯል፤ አንብቢልኝ» አለኝ፣ እያቀረቀረ።
«ስንት ናቸው?» አልኩት በዝግታ።
«እንትን» አለ፣
ክሩን እየፈታ።