ስም ጥሪ

በሴቱባል ችሎት መዝገብ ስጽፍ ኖሬ፣
የአደሪቶን ስም ለምዳዋለች ብዕሬ።
አምና «የጎረቤት በለስ ቅጠል ጣለ»፣
ዘንድሮ «ደወሉ እንቅልፌን ገደለ»፣
ትናንት ደግሞ ድመት፣ በጥላዋ ሰበብ፤
«በሕግ አምላክ» ብሎ ያስከፍታል መዝገብ።

ግራሲዬት ከኋላ ተቀምጣለች ገና፤
ባሏን ክሬን በላው፤ ካሳ ደጅ ስትጠና
ሰባት ክረምት አለፈ።

ብዕሬን ጣልኩና «ምን አተረፍክ?» አልኩት፤
ባርኔጣውን አሽቶ ዝም አለኝ ለቅጽበት፤
«በቤቴ፣» አለ፣ «ስሜን የሚጠራ የለም፤
እዚህ ግን ሲጠሩት ይሰማዋል ዓለም።»

አዘንኩለት፣ እውነት፤ ያዘንኩበት ሰዓት
ከእሷ ወረፋ ላይ ነበር የቀነስኩት።

በሩ ተከፈተ፤ ስም ተጠራ ድንገት፤
እሷ ብድግ አለች፤ እሱ አለ፦ «አቤት!»

እሷ ተቀመጠች።